አሥራ አራት ቁጥር

ኳስ አላውቅም እኔ፤ የማውቀው እድፍ ነው፤
ጨዋታውን ሰኞ ከማሊያ ነው የማነበው።
ከዱቄት ፋብሪካው ጓሮ፣ ከፓፓያዋ ሥር፣
ሁለት ሳፋ፣ አንድ ብሩሽ፣ ማስጫ የሽቦ አጥር፤
የአዳማ ንፋስ ሲሻው ስድስት ቁጥርን ነጥቆ
ከጎረቤት ጣሪያ ይሰቅለዋል ስቆ።

መስከረም ላይ ሦስቴ ተሸነፍን።
ጭቃው ጉልበት ላይ ነበር፤ ተንበርክከን ነበርን።
በአራተኛው ሰኞ እድፉ ደረት ላይ ወጣ፤
በሆዱ የሚንሸራተት ጎል አግብቶ የመጣ።
ሬዲዮ ሳልከፍት፣ ማንም ሳይነግረኝ፣
ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ «ሁለት ለአንድ» አለኝ።

የሀይረዲን ካልሲ ኖራ ብቻ ነው፤
ሜዳው ሰፊ ሳለ መስመር ላይ የሚኖረው።
የበዳሳ ክርን ሣር፤ በረኛ ነውና
ከመሬት ይማከራል አየሩን ይተውና።
የአምበሉ የገመዳ ኮሌታ ላይ ደም አለ፤
«የኔ አይደለም» ብሎኝ፣ የማን እንደሆነ ዝም አለ።

አሥራ አራት ቁጥር ግን እንደሄደ ይመጣል፤
እጥፋቱ እንዳለ ነው፣ ሳሙናው ይሸታል።
ስሙ ምንተስኖት ነው። «ምን ተስኖት?» ብትሉኝ፣
ከተጠባባቂ ወንበር መነሣት፤ ሌላ አትጠይቁኝ።
አንድም ቀን ንጹሕ ነው ብዬ አላለፍኩትም፤
ያልታጠበ ማሊያ የቡድን አይሆንም።

ጥር ላይ አራተኛ፣ መጋቢት ላይ ሁለተኛ፤
ባጃጅ ነጂው አሰልጣኝ፣ ፀጉር ቆራጩ ዳኛ፤
ፓስታ የምትመዝነዋ ወርቅነሽ ሳትቀር
ስለ አማካይ ክፍሉ ነበራት ክርክር።
ሚያዝያ ላብ ነው። ነጩ ማሊያ ቢጫ ሆነ።
ሎሚ ጨመቅሁበት፤ ጣቴ ተሰነጠቀ እንጂ ነጩ ነጭ ሆነ።

ሰኔ፣ የመጨረሻው ቀን፣ አቻ ይበቃን ነበር፤
ሰማዩ ቀድሞ ወረደ፣ ሜዳው ሆነ ባሕር።
ከሕዝቡ መሐል ነኝ፣ ላስቲክ ተከናንቤ፣
እጅ ለእጅ ተያይዘው ሳሙናዬና ልቤ።
ሰማንያ ስድስተኛ ደቂቃ። ቦርዱ ላይ፣
በቀይ ሰባት፣
በአረንጓዴ አሥራ አራት።

ገባ። አራት ደቂቃ። ሁለት ጊዜ ኳስ ነክቶ፣
አንዷን ከአጥር ማዶ ሰደዳት መትቶ፤
በሁለተኛዋ ወደቀ፣ በግንባሩ፣ በሙሉ፤
ከአንገት እስከ ጉልበት ጭቃ ለበሰ አካሉ።
ከጎኔ ያለው ሰው ተሳደበ።
እኔ አጨበጨብኩ።

ዜሮ ለዜሮ። ፊሽካ።
ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት ባጃጅ ሁሉ ጮኸ፤
ዋንጫው በዱቄት መኪና ተጭኖ ዞረ፤
አንዱ ጆንያ ቀደደና ከተማው ነጭ ሆኖ አደረ።
እኔ ሰኞን አልጠበቅሁም፤ በዚያው ሌሊት ተነሣሁ፤
ከሁሉ አስቀድሜ አሥራ አራት ቁጥርን አሸሁ።
አቤት የዚያ ጭቃ ደስታ! ዘጠኝ ወር የጠበቅሁት!
ሦስት ውሃ ለወጥኩለት፣ እስኪያበራ ፈተግሁት።

ጠዋት መጣ ምንተስኖት፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ፤
«እቴቴ፣ የኔን ማሊያ እንዳታጥቢው» ሊል መጣ።
ገመዱ ላይ አየው። ነጭ። በንፋስ ተነፍቶ
ሰው የለበሰው ይመስላል።
ዝም አለ። ዝም አልኩ።
«ጭቃው የት ሄደ?» አለኝ፣ ስለ ዘመድ እንደሚጠይቅ።
እጁን ይዤ ወሰድኩት ከፓፓያዋ ሥር፤
ገና ያልደረቀ፣ አረፋ የቀረበት አፈር።
ቁጢጥ አለና በጣቱ ነካው።
ከዚያ ሳቀ። እኔም አብሬው።

ውሉ አልታደሰለትም።
አሥራ አራትን ዘንድሮ ሌላ ልጅ ለብሶታል፤
ጎበዝ ነው መሰለኝ፣ ሁሌ ቆሽሾ ይመጣል።
ፓፓያዋ ስታፈራ የመጀመሪያዋን ቆርጬ፣
በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ስሙን በእስክሪብቶ ጽፌ፣
በመናኸሪያ በኩል በሾፌር ላክሁለት።
ደርሳው እንደሆን እንጃ።